እግሩን ያጣው መቼ ነው? የ«ጤዛ»ን የተበታተነ ጊዜ በታሪክ መልቀም

ፊልሙ ከተጀመረ አንድ ሰዓት ገደማ ሆኖታል። ክፍሉ ጨለማ ነው። ሠላሳ የሚሆኑ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ግድግዳው ላይ የሚበራውን ምስል እያዩ ነው። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ይቅርታ፣ ይሄ አሁን እግሩን ከማጣቱ በፊት ነው ከዚያ በኋላ?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ የሹፈት አልነበረም። ሁሉም ግራ የተጋባበትን ነገር እሷ ደፍራ ስለ ጠየቀች ነው የሳቁት።

ፊልሙን አቆምኩትና መብራቱን አበራሁ። «እስቲ ሌሎቻችሁስ? በፊት ነው በኋላ?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ በፊት፣ ግማሹ በኋላ አለ። አንዱ ልጅ ደግሞ «እኔማ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብዬ ነበር» አለ።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ቀን ውይይት ተከትሎ የመጣ ነው። ፊልሙን ያያችሁና «ጥሩ ነው፣ ግን አልገባኝም» ያላችሁ ካላችሁ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የፊልሙም አይደለም። የጎደለው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ እሱም ታሪክ ነው።

ፊልሙ በአጭሩ

«ጤዛ» የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው። ጎንደር ተወልደው ያደጉት ኃይሌ ገና በወጣትነታቸው ወደ አሜሪካ ሄደው ቲያትርና ፊልም ተምረዋል፤ ከዚያም ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ፊልም አስተምረዋል። «ጤዛ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ሲሆን፣ እዚያው የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ በሚካሄደው ታላቁ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ ፌስፓኮ፣ አንደኛ ሆኖ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ተሸለመ።

ታሪኩ የአንበርብር ነው። አንበርብር ከገጠር ወጥቶ ጀርመን አገር ሕክምና የተማረ ሰው ነው። ፊልሙ የሚይዘው እ.ኤ.አ. በ1990 ጣና ሐይቅ አካባቢ ወዳለው የትውልድ መንደሩ፣ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ነው። ሲመለስ አንድ እግሩ የለም። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው፦ ምን እንደ ደረሰበት ራሱም በቅጡ አያስታውስም። ሌሊት ይቃዣል፤ ቀን ይፈዛል። እናቱ ልጄ ይዳንልኝ ብላ ጠበል ታስጠምቀዋለች።

ትዝታው ቀስ እያለ ይመለሳል። ሲመለስ ግን በቅደም ተከተል አይደለም። ጀርመን፣ መንደር፣ አዲስ አበባ፣ ልጅነት፣ እንደገና ጀርመን፣ እንደገና መንደር። 140 ደቂቃ ሙሉ እንዲህ እየዘለልን እንሄዳለን።

ሁለት ዓይነት ቅደም ተከተል አለ

ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ የሩሲያ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት አንድ ቀላል ግን ጠቃሚ ልዩነት አስቀምጠው ነበር። ነገሮች የተፈጸሙበትን ቅደም ተከተል «ፋቡላ»፣ ነገሮቹ የተተረኩበትን ቅደም ተከተል ደግሞ «ስዩዤት» አሉት። ቃሉ ይክበዳችሁ እንጂ ነገሩን በየቀኑ ታደርጉታላችሁ።

ወንድማችሁ ማታ ግንባሩ በፋሻ ታስሮ ቤት ገባ እንበል። እናታችሁ «ጠዋት ስትወጣ ምን ቁርስ በላህ?» ብላ አትጀምርም። «ምን ሆነህ ነው?» ነው የምትለው። እሱም «ወደቅኩ» ይላል። «የት?» «ታክሲ ስወርድ።» «ለምን?» «እየሮጥኩ ነበር።» «ለምን ሮጥክ?» ... እያለ ወሬው ከማታ ወደ ጠዋት፣ ወደ ኋላ ይሄዳል። የተፈጸመው ከጠዋት ወደ ማታ ነው፤ የተነገረው ከማታ ወደ ጠዋት። ማንም ግራ አልተጋባም። ለምን? እያንዳንዱን ቁራጭ የት እንደምናስቀምጠው ስለምናውቅ ነው። ታክሲውን እናውቀዋለን፤ ሰፈሩን እናውቀዋለን።

«ጤዛ»ን ስናይ ግራ የሚገባን ታዲያ ቁራጮቹ ስለ በዙ ብቻ አይደለም። ቁራጮቹን የምናስቀምጥባቸውን ቦታዎች፣ ማለትም የዘመኑን ታሪክ፣ ስለማናውቅ ነው። በ1966 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የነበረ ሰው ይህን ፊልም ሲያይ አይጠፋበትም። አንድ ፎቶ፣ አንድ መፈክር፣ አንድ ካኪ ልብስ ይበቃዋል። እኛ ግን መደርደሪያው የለንም።

እንግዲያው መደርደሪያውን እንሥራ።

መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩን ወጥመድ እንለፍ

ስለ «ጤዛ» ውጭ አገር የተጻፉ ነገሮችን ስታነቡ «የ1974ቱ አብዮት» ይላሉ። አባትና እናቶቻችሁ ደግሞ «የስድሳ ስድስቱ አብዮት» ይላሉ። አንድ ነገር ነው። በክፍሌ ውስጥ ግን ሁለት አብዮት የመሰላቸው ልጆች ነበሩ፤ በዚህም አላፍርባቸውም።

ሕጉ ይኸው፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ልዩነቱ በአብዛኛው ሰባት ዓመት ነው፤ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት ይሆናል። ስለዚህ የካቲት 1966 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 1974 ነው፤ መስከረም 1967 ዓ.ም.ም እ.ኤ.አ. 1974 ነው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልኩት የእኛን፣ «እ.ኤ.አ.» ያልኩት የፈረንጆቹን ነው።

ፍንጮቹ

ኃይሌ ገሪማ በየትዕይንቱ ሥር ዓመት እየጻፉ አያባብሉንም። ፍንጭ ግን ሰጥተውናል። ሦስቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው እግሩ ነው። አንበርብር ሲያነክስ ካያችሁት የመንደሩ ጊዜ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1990። በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ከሄደ ወደ ኋላ ተመልሰናል። የተማሪዬ ጥያቄ የፊልሙ ቁልፍ የነበረው ለዚህ ነው፤ እግሩ ሰዓት ሆኖ ይቆጥራል።

ሁለተኛው ቦታው ነው። ጀርመን፣ አዲስ አበባና መንደሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዘመን አላቸው። መንደሩ ግን ሁለት ጊዜ አለው፤ አንበርብር ጎልማሳ የሆነበትና ልጅ የነበረበት። ጀርመንም እንዲሁ ሁለት ጊዜ ትመጣለች፤ ወጣት ተማሪ ሳለና በኋላ። አብዛኛው ተመልካች የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሁለቱን ጀርመን አንድ ያደርጋቸዋል።

ሦስተኛው በዙሪያው ያሉት ሰዎች ናቸው። የቅርብ ጓደኛው ተስፋዬ በሕይወት ካለ አንድ ዘመን ነው፤ ከሌለ ሌላ። አዛኑ የምትባለዋን፣ መንደሩ ያገለላትን ሴት ካያችሁ ደግሞ በእርግጠኝነት እ.ኤ.አ. 1990 ላይ ናችሁ።

አሁን ክሩን እንዘርጋው

ክሩን ከመጀመሪያው ብንዘረጋው ስድስት ቋጠሮዎች እናገኛለን። እያንዳንዱን ከታሪኩ ጋር እናያይዘው።

አንድ፦ የጣሊያን ዘመን። በመንደሩ አጠገብ ባለው ተራራ ላይ የጣሊያን ወረራ ዘመን ሐውልት ቆሟል። አንበርብር ልጅ ሆኖ ያደገው በዚያ ጥላ ሥር ነው። ሐውልቱ ለምን እዚያ ተገኘ? ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ወረረን። አዲስ አበባ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ጦርነቱ አላለቀም ነበር። የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽጉን ያደረገው ጎንደር ላይ ሲሆን፣ እዚያ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለጎንደር ልጅ የጣሊያን ጦርነት በመጽሐፍ ያነበበው ነገር አይደለም፤ ከብት የሚጠብቅበት ተራራ ላይ ያለ ነገር ነው።

ሁለት፦ የመጀመሪያው ጀርመን፣ የተማሪነት ዘመን። አንበርብርና ተስፋዬ ወጣት ናቸው። ያነባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይዋደዳሉ። ተስፋዬ ከጋቢ ጋር ቴዎድሮስ የሚባል ልጅ ይወልዳል። አንበርብር ከካሳንድራ ጋር ይቀራረባል። ለምን ጀርመን ሆነ? እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። አገር ቤት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚማሩት ኢትዮጵያውያንም በማኅበሮቻቸው አማካኝነት ያንኑ ጥያቄ ያነሡ ጀመር። በኋላ እርስ በርስ ደም የተፋሰሱት ሁለቱ ትልልቅ ድርጅቶች የተመሠረቱት የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? መኢሶን እ.ኤ.አ. በ1968 ሐምቡርግ፣ ኢሕአፓ እ.ኤ.አ. በ1972 በርሊን። ሁለቱም ጀርመን! በአንድ አገር፣ በአራት ዓመት ልዩነት፣ በአንድ ትውልድ ልጆች። ፊልሙ ላይ ልጆቹ ጠረጴዛ ከበው ሲከራከሩ ስታዩ፣ የምታዩት የተማሪ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በኋላ ጥይት የሚሆነው ቃል እዚያ ሲወለድ ነው የምታዩት።

ሦስት፦ አብዮቱ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ታክሲ ነጂዎች፣ መምህራን፣ ወታደሮች፣ ተማሪዎች ተነሡ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወርደው በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ። ጀርመን ያሉት ልጆች ይህን በሩቁ ሰምተው ነው የሚፈነድቁት። ያ ደስታ የዋህነት አልነበረም፤ ለዓመታት የለፉበት ነገር በዓይናቸው ፊት እውን ሲሆን ነው ያዩት። ግን ልብ በሉ፦ ከተመልካቹ ወንበር ሆነን እኛ የተስፋዬን መጨረሻ አውቀነው ሊሆን ይችላል። የእነሱን ደስታ የምናየው ዕንባ እየተናነቀን ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አራት፦ አዲስ አበባ፣ የደርግ ዘመን። ተስፋዬ ቀድሞ ወደ አገሩ ይገባል፤ አንበርብርም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ይከተለዋል። የተማሩትን ለሕዝብ ሊያውሉ ነው የመጡት። በዚህ ጊዜ አገሪቱ ብዙ ነገር አሳልፋለች። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በጥር 1969 ዓ.ም. ተቀናቃኞቻቸውን አስገድለው ሥልጣኑን ጠቅልለዋል፤ በሚያዝያ ወር አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ ሰብረዋል። ቀይ ሽብር በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን በልቷል። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደግሞ በአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ ኢሠፓ፣ ተመሥርቷል። አንበርብር የሚገባው ፍርሃት የመሥሪያ ቤት አየር ወደሆነበት ከተማ ነው። ስብሰባ አለ፤ ሂስና ግለ ሂስ አለ፤ ካድሬ አለ። ሳይንቲስቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለውን ነገር ሳይሆን ስብሰባ ላይ የሚለውን እየመዘነ ይኖራል። ተስፋዬን የሚያጡት በዚህ ዘመን ነው፤ እንዴት እንደሆነ ፊልሙ ራሱ ያሳያችሁ።

አምስት፦ ሁለተኛው ጀርመን። አንበርብር እንደገና ይወጣል፤ በዚህኛው ጊዜ ወደ ምሥራቅ ጀርመን። ለምን ምሥራቅ? ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ደርግ ከሶቪየት ኅብረትና ከወዳጆቿ ጋር ሆኗል። ምሥራቅ ጀርመን በዚያ ዘመን የቡና እጥረት ገጥሟት ስለ ነበር ከኢትዮጵያ ጋር ቡና በጦር መሣሪያ የመለወጥ ውል ገብታ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ እስከ ዛሬ የቆመውን የካርል ማርክስ ሐውልት የሰጠችንም እሷ ናት። ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደዚያ ለትምህርት ተልከዋል። የበርሊን ግንብ ጥቅምት 30 ቀን 1982 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 1989) ወደቀ። ዓለም ጨፈረ። ነገር ግን በዚያ ሰሞን በምሥራቅ ጀርመን ለጥቁር ሰው መንገዱ አስፈሪ ነበር። አንጎላዊው አማዴው አንቶኒዮ እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ ኤበርስቫልደ በምትባል ከተማ በዘረኞች ቡድን ተደብድቦ ሕይወቱ አልፏል። አንበርብርን እግሩን ያሳጣውም ዘረኛ ወጣቶች ያደረሱበት ጥቃት ነው። ይኸው! የተማሪዬ ጥያቄ እዚህ ተመለሰ። እግሩን ያጣው ደርግ ባለበት አገር አይደለም፤ ግንቡ በሚፈርስበት አገር ነው።

ስድስት፦ መንደሩ፣ እ.ኤ.አ. 1990። የደርግ ጦር በየካቲት 1981 ዓ.ም. ሽሬ ላይ ከተሸነፈ በኋላ ጦርነቱ ወደ ጎንደርና ወሎ ወርዷል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ወደቀች። ወታደር ያልቃል፤ ሌላ ወታደር ይፈለጋል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በመንደር ደረጃ ሕዝቡ «አፈሳ» ብሎ የጠራው ነገር ሆነ። ልጆች ከየቤቱና ከየመስኩ ይታፈሳሉ። ፊልሙ ላይ ልጆቹ የሚሸሸጉት ከዚህ ነው። አንበርብር ለማረፍ የመጣበት ቤት የጦርነቱ መሐል ሆኖ ጠበቀው።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ አስቡ። በፊልሙ ውስጥ ያሉ ሰዎች መንግሥቱ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአገር እንደሚወጡ አያውቁም። የቀረው አንድ ዓመት ያህል ነው፤ ለእነሱ ግን መጨረሻ የሌለው ሌሊት ነው።

ታዲያ ለምን እንዲህ ቀጥ አድርገው አልሠሩትም?

ክሩን ከዘረጋሁ በኋላ አንድ ተማሪ የጠየቀኝ ይህንን ነው። «ይሄው ቀላል ነው አይደል! ለምን አደናገሩን?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። የወሎ ረሃብ በጸናበት እ.ኤ.አ. በ1973 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ረሃቡን ቀርጾ ለዓለም አሳየ። ደርግ ያንን ፊልም ወስዶ፣ በረሃብተኞቹ ምስል መሐል የቤተ መንግሥቱን ድግስና ድሎት አስገብቶ፣ ለኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተመልካች አቀረበው። የታየው መቼ ነው? መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ማታ። በማግስቱ ጠዋት ንጉሡ ወረዱ።

እያንዳንዱ ምስል ለብቻው የተቀረጸ እውነተኛ ምስል ነበር። አዲስ የነበረው ቅደም ተከተሉ ነው። የሚያጣጥር ሕፃን፣ ቀጥሎ ኬክ፤ እንደገና ሕፃን፣ እንደገና ድግስ። ማንም አንድ ቃል ሳይጨምር ተመልካቹ ፍርዱን ሰጠ። እንግዲህ ምስልን በምን ተራ እንደምንደረድረው ጌጥ አይደለም፤ ራሱ ሐሳብ ነው። መንግሥት ሲወርድ ከጎኑ ሊቆም የሚችል ሐሳብ!

አሁን ወደ «ጤዛ» እንመለስ። ከአንድ እስከ ስድስት በተራ ብናየው ምን ይሆናል? ልጅ ያድጋል፣ ይማራል፣ ይታገላል፣ ይከፋዋል፣ ይጎዳል፣ ይመለሳል። «አይ ጊዜ!» ብለን ከንፈር መጥጠን እንወጣለን። መጨረሻው የማይቀር ዕጣ ይመስለናል። ኃይሌ ገሪማ ግን ጠባሳውን አስቀድመው አሳዩንና «ይህ ከየት መጣ?» ብለን እንድንጠይቅ አደረጉን። ጀርመን ውስጥ የሚጨፍሩትን ወጣቶች የምናያቸው የሚመጣውን እያወቅን ነው። ስለዚህ በየትዕይንቱ «እዚህ ጋ ሌላ መንገድ ነበረ ወይ?» እንላለን። በየተራው ቢሆን ኖሮ «ቀጥሎስ?» ብቻ ነበር የምንለው። «ቀጥሎስ?» ከሚለው ጥያቄ «ለምን?» የሚለው ይበልጣል።

የታሪክ ተመራማሪ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። እኛ ሥራችንን ከመጀመሪያው አንጀምርም። የምንጀምረው ዛሬ ከተገኘው ቅሪት ነው፤ ከፈረሰ ግንብ፣ ከተቀደደ ደብዳቤ፣ ተራራ ላይ ከቆመ ሐውልት። ከዚያ ወደ ኋላ እንሄዳለን። መጽሐፍ ላይ ቀጥ ብሎ የምታነቡት ታሪክ ተስተካክሎ የቀረበላችሁ ነው፤ ሲገኝ እንደዚያ አልነበረም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ የሰው አእምሮ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፍሬደሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ማስታወስ ማለት የተቀመጠ ቅጂ አውጥቶ ማጫወት ሳይሆን እንደ አዲስ መገንባት መሆኑን አሳይቷል። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንድ ድምፅ ወይም አንድ ሽታ ሳይታሰብ የትናንቱን ነገር እንደ ዛሬ አድርጎ ያመጣዋል። የሚመጣውም ቁርጥራጭ ሆኖ ነው። ፊልሙ የሚዘልለው አንበርብር ስለሚዘልል ነው። ግራ ስንጋባ የእሱን ግራ መጋባት ለሁለት ሰዓት ተከራይተን ለበስነው ማለት ነው።

ግን ጥንቃቄም አይጎዳም

«ጤዛ» የታሪክ ሰነድ አይደለም። አንበርብር የሚባል ሐኪም አልነበረም። ኃይሌ ገሪማ ራሳቸው አብዮቱ ሲፈነዳ ኑሯቸው አሜሪካ ነበር። በእርግጥ በዚያው ሰሞን ወደ አገር ቤት መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን የባላባትና የጭሰኛ ፊልማቸውን ቀርጸዋል። ያ ፊልም የለውጡን ሰዓት በሰዓቱ የያዘ ነው፤ «ጤዛ» ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ኋላ የሚያይ ነው። የሚያይበትም ዓይን የተማረው፣ ወጥቶ የተመለሰው ሰው ዓይን ነው። የካድሬው እናት ብትተርከው፣ የታፈሰው ልጅ ቢተርከው፣ መንደር ቀርታ ልጆች ያሳደገችው እኅት ብትተርከው ሌላ ፊልም ይሆናል። ስለዚህ ክሩን ስትዘረጉ «ይህ የማን ትዝታ ነው?» ማለትን አትርሱ።

እናንተስ?

የዚያን ቀን ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ፊልሙን እንዲተነትኑ አላልኳቸውም። «ከቤተሰባችሁ የሰማችሁትን የዚያን ዘመን ወሬ በአንድ ወረቀት ላይ በተራ ደርድሩት» ነው ያልኩት።

ምክንያቱም አስቡት፤ በየቤታችን ያለው ወሬ ልክ እንደ «ጤዛ» ነው። «አጎትህ ያኔ ከመጥፋቱ በፊት...» ተብሎ ይጀመርና ቡና ይፈላል፣ ሰው ይገባል፣ ወሬው ይቋረጣል። ሌላ ቀን «እሥር ቤት ስንቅ ስናመላልስ...» ይባላል፤ ማን ታስሮ እንደ ነበር ሳይነገር ያልፋል። ቁራጮቹ ቤት ውስጥ አሉ፤ የደረደራቸው የለም። በ1966 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የነበሩት ዛሬ ሰባን ተሻግረዋል። መደርደሪያውን በጭንቅላታቸው የያዙት እነሱ ናቸው። እነሱ ሲሄዱ እኛ ጋ የሚቀረው እግሩን ያጣ ሰው ነው፤ መቼና ለምን እንዳጣው የሚነግረን አይኖርም።

በሳምንቱ ወረቀቶቹ መጡ። ጥያቄውን የጠየቀችው ተማሪ አንድ ረጅም መስመር አስምራ፣ ከላይ የእኛን ዓመት፣ ከታች የፈረንጆቹን ጽፋ፣ ዘጠኝ ነገሮች ደርድራበታለች። የአያቷ ሠርግ አለ። የእናቷ ልደት አለ። በ1969 እና በ1972 ዓ.ም. መካከል ግን መስመሩን ባዶ ትታዋለች። ሥሩ ላይ በእርሳስ እንዲህ ብላለች፦ «አያቴ እዚህ ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ቅዳሜ ተመልሼ እጠይቀዋለሁ።»